ሰውን ማመን ቀብሮ ነው፦ የጣና ዳርቻ ሽሙጥና ተደራሲው

እንደሚታወቀው በአማርኛ ሥነ ቃል ውስጥ የሰውን ልጅ ጠባይ በበጎ የማይተረጉሙ አባባሎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ወዳጅነትን በጥርጣሬ፣ ሹመትን በንቀት፣ የካህን ጾምን ሳይቀር በጎን ዓይን ያያሉ። ምዕራባውያን ይህን አመለካከት «ሲኒሲዝም» ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ሥሩ «ውሻ» ማለት ነው፤ ዲዮጋንስ የተባለው ፈላስፋ ቤት ንብረት ሳያሻው በአደባባይ እየኖረ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ በነገር ይነክስ ስለነበር እርሱንና መሰሎቹን በዚህ ስም ጠሯቸው ይባላል። በእኛ ቋንቋ ለዚህ አንድ ወጥ ስም የለንም። ያሉን አሽሙር፣ ሽሙጥ፣ ለበጣ፣ ስላቅ፣ ተረብ፣ ነቆራ፣ ምፀት ናቸው። ልብ ብሎ ለተመለከታቸው ግን እነዚህ ሁሉ የአነጋገር ስሞች እንጂ የእምነት ስሞች አይደሉም። አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲኒክ ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ቁጭ ብሎ ግን ሊያሽሟጥጥ አይችልም። የሚያሽሟጥጥበት ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ቢሰማው ደግሞ የተሻለ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህችን ትንሽ የምትመስል ልዩነት ተከትሎ፣ በአማርኛ የሚነገረውና የሚጻፈው የሽሙጥ ጥበብ ያለ ተደራሲው ሊተረጎም እንደማይገባ ማሳየት ነው። ለማስረጃነት የመረጥሁት የጣናን ዳርቻ ነው። ምርጫው በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። በሐይቁ ምሥራቅ ከፎገራ አለቃ ገብረ ሐና፣ በደቡብ ምዕራቡ ከዘጌ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተገኝተዋል። ሁለቱም በአንድ ሐይቅ ዳር ተወልደው፣ ሁለቱም በወገናቸው ላይ ምላሳቸውን ስለው፣ አንዱ እስከ ዛሬ በየቤቱ በፍቅር ሲነሣ ሌላው ስሙ በተነሣ ቁጥር ክርክር ይነሣል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በቅድሚያ ግን አንድ የቆየ አተረጓጎም ማንሣት ግድ ይላል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው የታወቀ መጽሐፉ፣ በተለይ በመንዝ ባካሄደው ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ በአማራ ባህል ውስጥ ሰው በተፈጥሮው የማይታመን ነው የሚል ግምት ሰፍኖ እንደሚገኝ፣ የቅኔው ሰምና ወርቅም ከሥነ ጽሑፍ አልፎ የኑሮ ዘይቤ እንደሆነ ይነግረናል። መጽሐፉ ብዙ አስተምሮናል፤ ዛሬም ከክፍል ውስጥ ሊወጣ የሚገባው አይደለም። ሆኖም ምሳሌያዊ አነጋገርን እንደ እምነት መግለጫ አድርጎ ማንበብ አደጋ አለው። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው ሕዝብ «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚልም ነው። አንዱን ብቻ መዝዞ የሕዝቡ ፍልስፍና ይህ ነው ማለት፣ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ አንሥቶ የከተማው ሰው ሁሉ በዚህ በሽታ ታሟል እንደ ማለት ነው። ጥያቄው የትኛው ጠርሙስ፣ መቼ፣ ለማን ተቀዳ የሚለው መሆን አለበት።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ደቅ ናት። ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ በስፋት ትበልጣለች፤ አራሽና አሣ አጥማጅ የሚኖርባት፣ ገዳማትና አድባራት ያሉባት አገር ናት። ሥነ ቃል ለመሰብሰብ ሄጄ ሳለሁ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚመለሰውን ጀልባ በምንጠብቅበት ጠዋት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ጨዋታ ጀመርን። እኔ ምሳሌ እየጠየቅሁ፣ እሳቸው እየነገሩኝ፣ ዙሪያችን የተቀመጠው መንገደኛም እየሰማ ቆየን። በመካከል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ ሰውን ማመን ቀብሮ ነው!» አሉኝ። ጻፍሁት። ጥቂት ቆይቶ ጀልባው ሲደርስ ሽማግሌው በጨርቅ የተጠቀለለ ገንዘብ ከብብታቸው አውጥተው፣ አጠገባችን ተቀምጦ ለነበረና በዚያው ጠዋት ለተዋወቁት ጎልማሳ ሰጡት፤ ባሕር ዳር ላለችው ልጃቸው እንዲያደርስላቸው ነው። ነገሩ አስገርሞኝ፦

«አባቴ፣ አሁን በቅርቡ ሰውን ማመን ቀብሮ ነው አላሉኝም እንዴ?» አልኋቸው።

«ብያለሁ እንጂ! እሱ እንዲሰማው ብዬ አይደል ጮኬ ያልሁት?»

እኔ ለማስታወሻዬ የተነገረ መስሎኝ የጻፍሁት ምሳሌ ለእኔ የተነገረ አልነበረም ማለት ነው። ደረሰኝ ነበር። ሽማግሌው ያላመኑትን ሰው እንዲታመን ለማስገደድ፣ ሳይሰድቡት፣ ስሙን ሳይጠሩ፣ በምስክር ፊት አስፈረሙት። ምሳሌው አለማመንን ያስተምራል፤ በዚያ ጠዋት ያከናወነው ሥራ ግን እምነት መፍጠር ነበር። እንግዲህ ይህን አባባል በክምችቴ ውስጥ «ስለ ሰው ልጅ ክፋት» በሚል ርእስ ሥር ባስገባው የቃሉን ፍቺ ጠብቄ ሥራውን ጣልሁት ማለት ነው።

(አንባቢ ፈገግ ይል እንደሆነ ላክልበት። ከደቅ አጠገብ ባለችው በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የበርካታ ነገሥታት አስከሬን በሣጥን ተቀምጦ ይታያል። ምሳሌውን ቃል በቃል ለሚተረጉም ሰው እነዚህ ነገሥታት በወጉ አፈር ስላልገቡ ዛሬም ገና የሚታመኑ አይደሉም።)

ሰው ለምን በግልጽ «ገንዘቤን እንዳትበላ» አይልም? እዚያው ደቅ ላይ መልሱን የሚጠቁም ሥዕል አለ። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። አገር የሚደፋላቸው ሰው ተደፍተው ሲታዩ፣ ሥዕሉ የሚናገረው ስለ ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ከአንድ በላይ ላለ ሰው የሚደፋበትን ሥርዓት ጭምር ያሳያል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ከላይ ወደ ታች ቀጥተኛ ቃል ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ ግን ቀጥተኛ ቃል አይወጣም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለውም ለዚሁ ነው። እኩያ ለእኩያ እንኳ በግልጽ ቢጠራጠር ጠብ ይሆናል፤ ጠብ ደግሞ ውኃ በከበበው ትንሽ አገር ውስጥ መሸሻ የለውም። ስለዚህ የሚወጣው ቃል ልብስ ለብሶ ይወጣል። ቅኔው፣ ምሳሌው፣ አሽሙሩ ሁሉ ይህ ልብስ ነው። የሚለበሰው ለመደበቅ ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ጭምር እንደሆነ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ማንም የማይገባውን አሽሙር የሚናገር የለም።

አለቃ ገብረ ሐና የዚህ ጥበብ ሊቅ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ፎገራ ውስጥ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወልደው፣ በጎንደር በመምህርነት ስማቸው የተጠራ፣ ኋላም በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የታወቁ ሊቅ ነበሩ። ቀልዳቸው ሊቅነታቸውን ስለሸፈነው ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በሳቅ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን የተክሌ አቋቋም መሥራች መሆናቸውን ያስታውሳሉ። እንደሚተረከው የጣና ማዕበልና በዳርቻው ያለው ደንገል ሲወዛወዝ አይተው የዝማሜውን ስልት አወጡ፤ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ እሱም በደብረ ታቦር አስፋፋው፤ ስሙም በልጁ ስም ቀረ። ሐይቁን ለዝማሜ የተጠቀመበት ዓይን ሰውን ለቀልድ የተጠቀመበት ዓይን መሆኑ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለቱም የሚሠሩት በእንቅስቃሴ ነው፤ አንዱ ወገን ሲያዘነብል ሌላው ሲመልስ።

በስማቸው ከሚነገሩት ጨዋታዎች አንዱን ብቻ ልጥቀስ። አለቃ አህዮቿን እየነዳች የምትሄድ አንዲት ባልቴት መንገድ ላይ ያገኛሉ። «እንደምን አደርሽ፣ የአህያ እናት?» ይሏታል። እሷም «ደኅና፣ እንደምን አደርህ፣ ልጄ?» ብላ አለፈች። ጨዋታው ይኸው ነው።

ይህ ተረት በሌሎችም አገሮች በሌሎች ስሞች ይነገራል፤ ምናልባትም ከስም ወደ ስም የሚዞር መንገደኛ ተረት ነው። ለእኛ የሚጠቅመን በአማርኛ ሲነገር የሚያደርገው ነገር ነው። ባልቴት ሴት ወጣት ለመሰላት ሁሉ «ልጄ» ብትል ወግ ነው፤ ከቶም ስድብ አይደለም። በ«አንተ» መጥራቷም «ልጄ» ካለች በኋላ ተገቢ ነው። አለቃን የመሰለ ባለማዕርግ ሰው በዳኛ ፊት ቢያቆማት እንኳ የሚከሳት በየትኛው ቃል ነው? በአክብሮትና በፍቅር ቃል አህያ አድርጋቸው ሄደች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ አለቃን የሚወድ ሕዝብ አለቃ የተሸነፉበትን ጨዋታ ከአሸነፉበት እኩል ጠብቆ አቆይቷል። ሽሙጡ መልስ የሚቀበል ነው። የተሸሞጠው ሰው እዚያው ቆሟል፤ ጆሮም አፍም አለው። አለቃ ስለ ሰው ሞኝነት ያላቸው ግምት ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሞኝ የሚሉትን ሰው መልስ ለመስማት በሚያስችል ቅርበት ላይ ቆመው ነው የሚናገሩት።

እዚህ ላይ ግን ነገሩን ከልክ በላይ አሳምሬ እንዳላልፈው እሰጋለሁ። መልስ የመስጠት ዕድል ለሁሉ እኩል የተሰጠ አይደለም። ደንገሉን አጭዶ ታንኳ የሚሠራው፣ ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቀው የወይጦ ማኅበረሰብ ጉማሬ ይበላል እየተባለ ለዘመናት ሲናቅ የኖረ ነው። በዳርቻው ስለ ወይጦ የሚነገሩ ቀልዶችን ሰብስቤያለሁ፤ ወይጦዎቹ የሚመልሱባቸውን ግን ከዳርቻው ሰው አፍ አልሰማሁም። አለቃን ያሸነፈችው ባልቴት ከተረት ሳትወጣ ቆየች፤ ወይጦ ቀልደኛ ግን በተረቱ ውስጥ አልገባም። የሽሙጥ ጥበባችንን «የደካሞች መሣሪያ» ብቻ አድርገው የሚያወድሱ ወገኖች ይህን ቢያጤኑት መልካም ነው። ወደ ላይ የሚወረወረው ያህል ወደ ታችም ይወረወራል፤ ወደ ታች ሲወረወር ደግሞ ብልሃቱም አነስተኛ ነው፤ አያስፈልገውምና።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። በአውሮፓ የዚህ ዓይነቱ ጥበብ ሌላ መንገድ ይዟል። የፈረንሳዩ መስፍን ላ ሮሽፉኮ በንጉሡ መንግሥት ላይ በተነሣው ዐመፅ ተሳትፎ ከተሸነፈ በኋላ፣ በመኳንንት ሳሎን ውስጥ እየተነበቡ እየተሞረዱ የተሠሩ አጫጭር አባባሎቹን እ.ኤ.አ. በ1665 አሳተመ። የሰው በጎነት ሁሉ በስውር ራስን ከመውደድ የሚመነጭ ነው የሚል ነው ጭብጡ። አባባሎቹ የሚናገሩት ስለ ማንም ስለሆነ ስለ አንድም ሰው አይናገሩም፤ አንባቢ ገጹን ገልጦ ጎረቤቱን ያስባል እንጂ ራሱ እንደተነካ አይቆጥርም። ሽሙጥ ከአፍ ወደ ወረቀት ሲሸጋገር የሚያጣው ይህንኑ ነው፤ የሚሰማውንና የሚመልሰውን ሰው። በአማርኛም ይህ ሽግግር የሚታየው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው።

አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1868 ዘጌ ላይ ተወለዱ። በ1887 ለትምህርት ወደ ኢጣሊያ ተልከው በቶሪኖ ሥዕል ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። የአድዋ ጦርነት ሲነሣ ከኢጣሊያኖች ወገን ተሰለፉ፤ በዚህም ወደ አገር የሚመለሱበት መንገድ ተዘጋ። ከ1902 ጀምሮ በኔፕልስ አማርኛ አስተማሩ። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ አስደናቂ የምትሆነው ዓመት 1908 ናት። በዚያች ዓመት፣ በአንዲት በሮም ከተማ፣ ከአንድ እጅ ሁለት መጻሕፍት ወጡ። አንደኛው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የገነነው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ሁለተኛው በፈረንሳይኛና በአማርኛ ጎን ለጎን የተጻፈ፣ ወደ አቢሲኒያ ለሚጓዝ ሰው መምሪያ እንዲሆን የተዘጋጀ የንግግር መጽሐፍ ነው።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ትልቅ ትምህርት ነው። ልብ ወለዱ የቆመው በአንድ የማይታመን ቸርነት ላይ ነው፤ አንድ ነጋዴ ለማያውቃቸው ሰዎች፣ አባታቸውን ከምርኮ ለማስለቀቅ የሚበቃ ገንዘብ አንሥቶ ይሰጣል፤ ታሪኩ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ከዚህ ውለታ ነው። መምሪያው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መንገደኛውና የአገሩ ሰው በሚነጋገሩበት ጨዋታ መካከል ተሰሪ ወታደር ባላገሩን እንዴት እንደሚያራቁተው፣ በየኬላው ነጋዴ እንዴት እንደሚጉላላ፣ ጌታ በአሽከር ብዛት እንዴት እንደሚኮራ እየተነቀሰ ይወጣል። አማርኛው የሚጣፍጥ ነው፤ ለበጣው የአገር ቤት ለበጣ ነው፤ ዘጌን ያልረሳ አፍ እንደሚናገረው በግልጽ ይታወቃል። ትችቱም ሐሰት አልነበረም። ተሰሪ ባላገርን ያራቁት እንደነበር ማንም አይክድም፤ አፈወርቅን ከለውጥ ፈላጊ ምሁራን ቀዳሚዎች መካከል የሚያስቆጥራቸውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ትችቱ እውነት ከሆነ ጉድለቱ ምን ላይ ነው? ለእኔ ጉድለቱ ያለው በገጹ አቀማመጥ ላይ ነው። ከአማርኛው ጎን ፈረንሳይኛ አለ። ወታደሩ አይሰማም፤ ኬላ ጠባቂው አይመልስም፤ የሚሰማው አገሩን ለመጎብኘት ወይም ለሌላ ጉዳይ የሚሄድ የውጭ ሰው ነው። አለቃ ገብረ ሐና ባልቴቷን «የአህያ እናት» ቢሉ እሷ «ልጄ» ትላቸዋለች። በመምሪያው ውስጥ ግን ባልቴቷ የለችም፤ አለቃና አንድ የማያውቃት እንግዳ ስለ እሷ ይጨዋወታሉ። ያው ቃል፣ ያው ጨው፣ ያው የጣና ዳር አማርኛ ሆኖ ሳለ ሽሙጡ ወደ ሐሜት፣ ሐሜቱም ወደ መረጃ ተለወጠ። እርግጥ ነው፣ ከአገር ተለይቶ በኔፕልስ ለሚኖር ሰው ሌላ ምን ዓይነት ተደራሲ ነበረው የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። መከራከሪያው ክብደት አለው። ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ በአማርኛ ብቻ የጻፉት መጽሐፍ ሰውን የሚያምን መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ለወገናቸው ብቻ ሲጽፉ ሰው ለሰው መድኃኒት ሆነ፤ እንግዳ አጠገባቸው ሲቀመጥ ሰውን ማመን ቀብሮ ሆነ።

የሽሙጥና የውዳሴ እጅ ብዙ ጊዜ አንድ መሆኑም ከዚሁ ይታያል። መምሪያው በወጣ በዓመቱ፣ በ1909፣ አፈወርቅ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ትናንት የሹማምንቱን ሥራ ያጣጣለው ብዕር ዛሬ ንጉሡን ከመጠን በላይ ሲያሞግስ ተገኘ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 አስመራ ላይ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ይህንኑ ለይተው ነቅፈዋል። የገብረ ሕይወት ነቀፋ በአማርኛ፣ ለአማርኛ አንባቢ የቀረበ መሆኑን ልብ ይሏል። ሰውን ሁሉ ዝቅ አድርጎ የሚገምት ሰው አንዱን ከፍ ማድረግ አይከብደውም፤ ውዳሴ ዋጋ የሚኖረው ውዳሴ የሚገባው ሰው አለ ብሎ ለሚያምን ብቻ ነውና።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። አፈወርቅ ወደ አገር ተመልሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ፤ በኬላ ላይ የተሳለቁት ሰው የጉምሩክ ሹም ሆነው ተቀመጡ። ኋላም በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ነበሩ። በወረራው ዘመን ከወራሪው ጋር ሆነው በጋዜጣ እየጻፉ «አፈ ቄሣር» ተባሉ። ከነፃነት በኋላ በግዞት ጅማ ተቀምጠው በ1947 እዚያው ዐረፉ። «ለበጣቸው ነው ለዚህ ያደረሳቸው» የሚል ቀላል ድምዳሜ አላቀርብም፤ የሰው ሕይወት በአንድ የንግግር ዘይቤ አይፈታም፤ የ1908ቱን መጽሐፍ በ1936ቱ ሥራ ብቻ መፍረድም የሃያሲ ሥራ አይደለም። ግን ከ1908 ጀምሮ ስለ ወገን የሚናገር፣ ወገን የማይሰማው ድምፅ መለማመዳቸው ከቁም ነገር ሊገባ ይገባል።

ለሥነ ቃል ሰብሳቢ ተማሪዎች ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ነገር ብዙ አይደለም፤ ግን አስፈላጊ ነው። ምሳሌ ስትመዘግቡ ከቃሉ በታች ማን ተናገረው ብቻ ሳይሆን ማን እየሰማ ተነገረ የሚለውንም ጻፉ። የአለቃን ጨዋታዎች ሰብስበው ያሳተሙ መጻሕፍት ይህን ስለተዉት፣ በመንገድ ላይ መልስና ምላሽ የነበረው ነገር በገጽ ላይ የአንድ ብልጥ ሰው ድል ዝርዝር ሆኖ ቀርቷል።

በአንድ ሴሚስተር የመምሪያውን የአማርኛ ወገን ብቻ፣ ፈረንሳይኛውን አስቀርቼ፣ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ አነበብሁላቸው። ስለ ተሰሪ ወታደር የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ጋብ ሲል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ወታደሮቹ ይህን ሲባሉ እየሰሙ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሳልመልስላት ሌላው «ቢሰሙስ ምን ያመጣሉ? እውነት ነው» አላት። እሷም «እውነት ከሆነማ ለእነሱ ነዋ የሚነገረው» አለች። የክፍለ ጊዜው ማብቂያ እስኪደርስ ድረስ ሲከራከሩ አላቋረጥኋቸውም።